የሉዥኒክ ግንድ

«ግንዱ ይኼን ያህል ነበር» አለ ሮክ። በጄሶ የታሰረ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ቀኝ እጁን ከወገቡ ከፍ አድርጎ ዘረጋው። «መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ከመታጠፊያው ብቅ ስል ፊቴ ላይ ተጋድሟል።»

ኔዣ በተራራ ብስክሌት ፓርኩ፣ ሰውን ወደ ላይ በሚያወጣው ባለ ወንበር ሊፍት ሥር፣ ቱቦውን ይዛ ብስክሌት እያጠበች ታዳምጣለች። ትናንት ግንዱ እስከ ጉልበት ነበር። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። በዚህ አያያዙ ለዓርብ ቅርንጫፍ አብቅሎ ወፍ ይሰፍርበታል ስትል አሰበች።

ሮክን ከበው የቆሙት ሦስት ጎልማሶች ከዋና ከተማዋ ከሉብሊያና የመጡ ናቸው። ልብሳቸው ከብስክሌታቸው ቀለም ጋር ተመሳስሏል፤ የጉልበት መከላከያቸውን የሱቅ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ሕፃናት በሚለማመዱበት «ጥንቸል» በሚባለው መንገድ ፍሬናቸውን ከላይ እስከ ታች እያስለቀሱ ወርደው ሲያበቁ፣ አሁን ከሞት አፋፍ የተመለሱ ይመስል ቢራ ይዘው ተዝናንተዋል። ኔዣ ቅዳሜና እሁድ የምታጥበው የእንዲህ ያሉ ሰዎችን ብስክሌት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠብ ጭቃ እንኳን አይገኝበትም።

«ታዲያ ማን አስቀመጠው?» ሲል አንዱ ጠየቀ።

ሮክ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ስም አልጠራም። ጫካው የማን እንደሆነ ግን አገር ያውቃል።»

«ይኼማ የግድያ ሙከራ ነው።»

«ኔዣ እዚያው ነበረች። ጠይቋት።»

ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ። ኔዣ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ቱቦው እየጮኸ የብስክሌቱን ሰንሰለት ደበደበ፤ አንደኛው ሰውዬ አዲስ ጫማው ላይ የተረጨውን ጭቃ አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም።

ሰዎቹ ሲበተኑ ብራንካ መጣች። ብራንካ የፓርኩን መንገዶች የምትሠራና የወጣቶቹን ቡድን የምታሰለጥን፣ መዳፏ ከአካፋ እጀታ የማይለይ ሴት ናት። ልጆቹ ሁሉ ኮች ይሏታል።

«ኔዣዬ፣ ዓርብ ማታ በእሳት አደጋ አዳራሽ ስብሰባ አለ» አለቻት። «ከማዘጋጃ ቤት ሰው ይመጣል፤ ፖሊስም ይኖራል። መጀመሪያ ሮክ ይናገራል፣ ቀጥሎ አንቺ። ያየሽውን ብቻ ትናገሪያለሽ። አትፍሪ።»

«አልፈራም፣ ኮች።»

እውነቷን ነበር። የሚሰማት ነገር ፍርሃት አልነበረም። ሮክ ላይ የሚሰማትን ነገር ገና ስም አላወጣችለትም እንጂ፣ በበሰበሰ ምግብ ላይ አፍንጫ ሲሸበሸብ እንዳለው ያለ ነገር ነበር።

ያየችው እንዲህ ነው። የዛሬ ሳምንት፣ እሁድ ዕለት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ «ቀበሮ» የሚባለው መንገድ ዝግ ነበር። ዝናብ በጠገበ አፈር ላይ ብስክሌት ከተነዳ መንገዱ ይታረሳል፤ የወር ሥራ በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ቀይና ነጭ ቴፕ ተስቦበታል። ብራንካ ኔዣንና ሮክን የውሃ መውረጃ ቦዮቹን እንዲከፍቱ ላከቻቸው። ኔዣ አካፋ ይዛ መጣች። ሮክ ብስክሌቱን ይዞ መጣ።

«ይኼን ለምን አመጣኸው?» አለችው።

«ስንጨርስ እወርድበታለሁ።»

«ዝግ ነው እኮ። ቴፑን ያሰርነው እኛው ነን።»

«ለፋራዎች ነው የተዘጋው» አለ ሮክ፤ በቴፑ ሥር ጎንበስ ብሎ ብስክሌቱን እየገፋ ሽቅብ ወጣ።

ኔዣ ሥራዋን ቀጠለች። ከጥዶቹ መሐል ከአፈር የተቆለለው ትልቁ መዝለያ አለ፤ እዚያ ስትደርስ የመዝለያውን ከንፈር፣ ጎማው መሬት የሚለቅበትን ጠርዝ፣ በጫማዋ ነካ አደረገችው፤ እንደ ሊጥ ገባላት። ሮክ ከላይ ሲመጣ ሰማችው። «ተወው፣ ሟሙቷል» ብላ ጮኸችለት። ሰምቷል። ፈገግ ሲል ከሄልሜቱ ሥር ጥርሱን አይታለች። የፊት ጎማው ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ከዳውና ብስክሌቱ ወደ አንድ ወገን፣ ሮክ ወደ ሌላ ወገን ሄዱ። እጁ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ከሚሰማው ብዙም አይለይም።

ግንድ የሚባለውም በእርግጥ ነበር። የጫካው ባለቤት አቶ ሉዥኒክ የቆረጠው አንድ ጥድ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከመንገዱ ወዲያ ማንንም ሳይነካ እንደ ተኛ ላም ተጋድሟል።

ብራንካ እየሮጠች ስትደርስ ሮክ ፊቱ ወረቀት መስሎ ነበር። «ምን መታህ?» ብላ ጠየቀችው። ሮክ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ ጥዱ ላይ አረፈ። «ግንድ…» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። የቀረውን ብራንካ ሞላችለት። «መንገዱ ላይ? ሉዥኒክ ነው ያስቀመጠው?» ሮክ ዓይኑን ጨፈነ። ትልልቅ ሰዎች የተጨፈነ ዓይን አዎን ማለት ይመስላቸዋል። የአምቡላንሱ በር ሲዘጋ አቶ ሉዥኒክ ወንጀለኛ ሆኖ ነበር።

ዝግ መንገድ ላይ የነዳ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከቡድኑ ይታገዳል። ሮክ ደግሞ እጁ ሲድን፣ በመኸር፣ ማሪቦር ለሚደረገው ውድድር ተመርጧል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምንም የለውም።

ኔዣስ ለምን ዝም አለች? የመጀመሪያውን ቀን ደንግጣ ነው እንበል። በማግስቱ ግን ድንጋጤ አልነበረም። ሰዉ አቶ ሉዥኒክን ሲያወግዝ መስማት ደስ ብሏት ነበር። ስምሬቺና በምትባለው በዚህች ትንሽ ከተማ እሱን የሚወድ ሰው አይገኝም። መንገዱ በጫካው እንዲያልፍ ራሱ ፈርሞ ሲያበቃ፣ በምረቃው ዕለት ብስክሌቶቹ ከዘለሉ በኋላ የሚያርፉበት ቦታ ላይ አንድ ጋሪ ፋንድያ ገለበጠበት። የሚነዱትን በልብሳቸው ቀለም የተነሳ በቀቀኖች ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ኔዣን ከእግር እስከ ራሷ አይቶ «በእኔ ጊዜ የአንቺን ዕድሜ የሚያክሉ ልጆች ላም ያልቡ ነበር፤ አሁን መጫወቻ ላይ ተቀምጠው ይንከባለላሉ» ብሏታል። ታዲያ ውሸቱ የሚገባው ሰው ላይ ያረፈ መሰላት። ሳትገፋው፣ ሳታቆመውም እንዲሁ ሲንከባለል አየችው።

ደስታዋን ያበላሸባት ሮክ ራሱ ነው። ውሸቱ ሲጣፍጠው አየች።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አገኘችው። ቡሬክ የሚሉትን በሥጋ የተሞላ ቂጣ በወረቀት ይዞ በአንድ እጁ እየበላ ነበር። ጄሶው ላይ የክፍሉ ልጆች በቀለም እስክሪብቶ ፈርመውበታል። አንዱ ደግሞ ትልቅ ግንድ ስሎበታል፤ ግንዱ ኮፍያና ረጅም አፍንጫ አለው፤ አቶ ሉዥኒክ መሆኑ ነው።

«አሪፍ አይደል?» አለ ሮክ ሥዕሉን እያሳያት።

«ዓርብ እኔን አታስገባኝ» አለችው።

«ምን ማለት ነው?»

«ግንድ አልነበረም፣ ሮክ።»

«ነበረ እንጂ። አይተሽዋል።»

«ከመንገዱ ውጭ።»

«ውጭ፣ ውስጥ… ምን ለውጥ አለው? ሰውዬው ቢችል መሐል አያጋድመውም ነበር? ፋንድያውን የደፋው ማን ነው?»

«እሱ ነው። እጅህን የሰበርከው ግን አንተ ነህ።»

ሮክ ቡሬኩን ማኘክ አቆመ። አካባቢውን ገልመጥ ካደረገ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጀለስ፣ ተረጋጊ። ማንም የማይወደው ሽማግሌ ነው። ደህና ዋልክ የሚለው ሰው እንኳን የለውም። ምን ይቀርበታል? ቢበዛ ይቆጡታል። እኔ ግን ማሪቦር ይቀርብኛል። አስቢው እስኪ።»

«አስቤዋለሁ።»

«በዚያ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንዴ መሐል ላይ የነበረ ሁሉ ይመስለኛል።»

ይህን ያለው ሳያፍር ነው፤ እንዲያውም እንደ ቁም ነገር። ኔዣ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ እውነቱን ለራሱ ደብቆ ያስቀምጣል ብላ ታምን ነበር። ይኼ ልጅ ግን የራሱን ውሸት ራሱ በልቶ ጠግቧል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ በአንድ ብስክሌት ተራ በተራ እየወደቁ ነው መንዳት የተማሩት። ደፋር ነው ብላ ስታደንቀው የኖረችው ይኼንን ነው? ከንፈሩ ላይ የቡሬክ ቅባት ያብረቀርቃል። አውቶቡሱ መጣ። ኔዣ ሳትሳፈር በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት የአቶ ሉዥኒክ ጎተራ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ነብሰ ገዳይ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ፊደሉን እንኳን በትክክል መጻፍ አቅቷቸዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ወሬው በሳቅ ነበር የሚወራው፤ የሚስቁትም ጽሑፉ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቁ ይመስሉ ነበር።

የኔዣ እናት የእንስሳት ሐኪም ረዳት ናት። ያን ቀን ዘግይታ ገብታ፣ ቦት ጫማዋን ደጃፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ስታጥብ ቆየች። የሚወርደው ውሃ ቀይ ነበር።

«ምን ሆንሽ፣ እማ?»

«የሉዥኒክ ጊደር። አጥሩን ቆርጠውበት አስፋልት ላይ ወጥታ የጭነት መኪና መታት።»

«ሞተች?»

«እኛ ነን የጨረስናት። ሁለቱም የኋላ እግሮቿ…» እናቷ አልጨረሰችውም። ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «መንገዱ ዳር ጭንቅላቷን አቅፎ ቁጭ አለ። ልቀቃት ብንለው እምቢ አለ። መርፌው እስኪሠራ ድረስ ጆሮዋን ሲያሻት ነበር። ከዚያ ተነስቶ ለሐኪሙ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹ጫማህን ጥረግ፣ ከሌላ በረት በሽታ ታመጣብኛለህ።› አይ ሰው!» ብላ በድካም ሳቀች። «ሰዉ በሮክ እጅ ተናዶ ይሆናል። እሺ ይናደድ። ጊደሯ ምን አደረገች?»

ኔዣ ገንፎዋን በማንኪያ እየገፋች ከሳህኑ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው አደረሰችው። ለጊደሯ አዘነች። ለባለቤቷ ልታዝን ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእግሯ ወደ ሉዥኒክ እርሻ ወጣች። ምን እንደምትለው በትክክል አታውቅም። የሚያሳዝን ሽማግሌ አገኛለሁ፣ እንባ ያቀረረ፣ ያኔ ነገሩ ይቀለኛል ብላ ተስፋ ሳታደርግ አልቀረችም። ሰውዬውን አጥሩ ሥር ተንበርክኮ በጉጠት ሽቦ እየጠመዘዘ አገኘችው።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ሉዥኒክ።»

ቀና አላለም። «የቀሩትን ላሞች ልትቆጥሪ መጣሽ?»

«አጥሩን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ነገ ስብሰባ አለ። ግንዱን መንገድ ላይ እንዳላስቀመጡ ለምን አይናገሩም?»

«ለማን? ለበቀቀኖቹ?» ሽቦውን በጥርሱ እንደሚነክስ ሁሉ በጉጠቱ ቀጨው። «ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ጫካ ውስጥ ግንድ ስጎትት ኖሬ፣ ግንድ የት እንደሚቀመጥ ለሕፃናትና ለዳቦ ጋጋሪ ላስረዳ? ቃል አላባክንም።»

«እንዲህ ስለሆኑ እኮ ነው ሰዉ ያመነው» አለች ኔዣ፤ አምልጧት ነው።

አቶ ሉዥኒክ ቀስ ብሎ ተነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። ዓይኖቹ ትንንሽና የፈዘዘ ሰማያዊ ናቸው።

«ያን ዕለት ከቁልቁለቱ በላይ ነበርኩ» አለ። «ልጁ ሲዘል አየሁት። አንቺንም አየሁሽ። አካፋ ይዘሽ እንደ ችካል ቆመሽ።»

ኔዣ ፊቷ ጋለ።

«እሱስ ሞኝ ነው። ሞኝ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይዋሻል፤ ሥራው ነው። አንቺ ግን ምንድን ነሽ? ሁሉን አይተሽ ሳምንት ሙሉ ተገትረሻል። ችካል እንኳን አጥር ይይዛል።»

«ነገ እውነቱን ብናገር መንገዱን ይተዉልናል?»

ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ሳል ነው። «ልትነግጂ ነው የመጣሽው? መንገዱ ይዘጋል። ብትናገሪም ይዘጋል፣ ባትናገሪም ይዘጋል። ማርያም ራሷ ወርዳ ብትመሰክርልኝ ይዘጋል። አሁን ከሽቦው ላይ ውረጂ፤ ረግጠሽዋል።»

ኔዣ ወረደች። ቁልቁለቱን ስትመለስ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደችበት፤ ጎምዛዛ፣ ትዕቢተኛ፣ ከፋንድያው የማይሻል። ጊደሯን በሕይወት እያለችም ሰድቧት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ለማዳን ጓደኛን መክዳት ምን የሚሉት ቂልነት ነው? መንገዱ እንደሆነ ይዘጋል። ቡድኑ ዓይኗን ማየት አይፈልግም። ከእሱም ምስጋና የለም። ሁሉን ደምራ ስትቀንሰው እውነቱን በመናገር የምታተርፈው አንዲት ነገር የለችም። ዝም ብትል ደግሞ የምትከስረው የለም።

ያም ሆኖ ችካል የሚለው ቃል ቤቷ ድረስ ተከተላት። ሰውዬው በሕይወቱ ስለ ሰው ከተናገረው ክፉ ነገር ሁሉ ይኼኛው ትክክል መሆኑ አናደዳት።

ዓርብ ማታ የእሳት አደጋ አዳራሹ ሞላ። ግድግዳው ላይ የበጎ ፈቃደኞቹ እሳት አጥፊዎች ቀይ ሄልሜቶች ተደርድረዋል፤ ክፍሉ የእርጥብ ጎማ ይሸታል። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰው ክራቫቱን ያስተካክላል፤ አጠገቡ አንዲት ፖሊስ ተቀምጣለች። አቶ ሉዥኒክ በሩ አጠገብ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀምጧል። በዙሪያው ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ቦታ ያጡ ሰዎች እንኳን መቆምን መርጠዋል።

ሮክ ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ድምፁ መሰበር ባለበት ቦታ ተሰበረ። ግንዱ ደረቱ ላይ ደርሷል። የአንዱ ልጅ እናት ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። ኔዣ ግን ሮክን ሳይሆን አድማጮቹን ነበር የምታየው። የሒሳብ መምህሯ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ፣ ደግና አስተዋይ ናቸው የምትላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ሾርባ እስኪቀዳላቸው እንደሚጠብቁ አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ። ንዴት መስሎ ይታይ እንጂ ንዴት አልነበረም። ተመችቷቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ የእሷም ፊት እንዲህ ይመስል ነበር ማለት ነው።

«ኔዣ፣ ያየሽውን ንገሪን» አለች ብራንካ።

ተነሣች። ማታ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ አንዱም አልመጣላትም።

«መንገዱ ዝግ ነበር» አለች። «ሮክ በቴፑ ሥር አልፎ ገባ። መዝለያው ሟሙቶ ስለነበር ተወው አልኩት። የፊት ጎማው አዳለጠውና ወደቀ። ግንዱ ከመንገዱ ውጭ ነበር። አልነካውም።»

ፖሊሷ መጻፍ ጀመረች።

«ደንግጣ ስለነበር ነው» አለ ሮክ በለሰለሰ ድምፅ። «በደንብ አታስታውስም።»

«አስታውሳለሁ።»

የሮክ አባት ብድግ አለ። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። «እስከ ዛሬ ታዲያ የት ነበርሽ? ልጄ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ሰዉ ሁሉ ሲያወራ፣ አፍሽን ዘግተሽ ቆይተሽ ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ኔዣም መልስ ሊሰጠው የሚገባ መሰላት።

«አቶ ሉዥኒክን ስለማልወዳቸው ነው» አለች። «ክፉ ሲባሉ ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም አልወዳቸውም። ግን አላደረጉትም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ዳቦ ጋጋሪው ጫማውን አየ። ብራንካ ለረጅም ጊዜ ሮክን ተመለከተችው። «ሮክ?» አለችው ብቻ። ሮክ ጄሶው ላይ ያለውን ሥዕል በጣቱ ያሸ ጀመር። ፖሊሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

አቶ ሉዥኒክ ተነሣ። «ጨረሳችሁ?» አለ። «መንገዱ ከነገ ጀምሮ ዝግ ነው። መዝለያችሁን አፍርሳችሁ አፈሩን እንደነበረ መልሱልኝ።» ከዚያ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። በኔዣ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። ምስጋና አልጠበቀችም ነበር። አንድ እይታ ግን ጠብቃ ኖሯል፤ ለዚያ ደግሞ በራሷ ተናደደች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከኔዣ ጋር ምሳ የሚበላ ጠፋ። ሰላይ ተባለች። «ቀበሮ»ን ያዘጋችው እሷ ናት ተባለ፤ ሽማግሌው ግፍ የተሠራበት ሰው መሆኑን ያነሣ አልነበረም። ሮክ ከቡድኑ ታገደ። ከቡድኑ የሁለት ልጆች አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሉዥኒክ እርሻ ወጡ፤ ምን እንደተባባሉ ባይታወቅም ልጆቹ ከዚያ በኋላ በየከሰዓቱ የአጥር ጉድጓድ ሲቆፍሩ ታዩ። አንደኛው ኡርባን የሚባለው ነው፤ ጄሶው ላይ ግንዱን የሳለው ልጅ።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ነፋሱ ዞረ። ከኔዣ ይልቅ በሮክ መሳቅ እንደሚሻል ገባቸው። ሮክ ክፍል ሲገባ አንዱ ከኋላ «ግንድ! ተጠንቀቁ!» ይላል፣ ሌላው እጁን አጥፎ መሬት ላይ ይወድቃል። ትናንት ጄሶው ላይ ለመፈረም የተጋፉት እነዚያው ናቸው። ኔዣ ከሩቅ ታያቸዋለች። ሮክ አንድ ቀን እንኳን አልመለሰላቸውም። አንገቱን ቀብሮ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

መዝለያው በሚፈርስበት ቅዳሜ ቡድኑ በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ ሊፍቱ ሥር ተሰለፈ። ብራንካ «የነዳበት ሁሉ ይደፍነዋል» ስላለች ሮክም መጥቷል። በአንድ እጁ ባልዲ ይዞ ከሁሉም ፊት ብቻውን ቆሟል። በእሱና ከኋላው ባሉት መካከል ሁለት ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ አለ።

«ኔዣ፣ ነይ እዚህ» አለ ኡርባን። ቦታ ለቀቁላት፤ አንዷ ልጅ የድንች ጥብስ ከረጢቷን ዘረጋችላት። ሰላይ ከተባለች ወዲህ የጠራት ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው። «እስኪ አንቺ ንገሪን፤ አይተሻል። ሲወድቅ ምን ብሎ ጮኸ? እናቱን ጠርቷል አሉ።»

ጠርቷል። አልቅሷልም። ኔዣ ከዚያም የሚብስ ነገር ታውቃለች። በዚያ ላይ ሮክን የምትለው ብዙ ነገር ስታጠራቅም ነው የከረመችው፤ ስለታም ስለታሙን መርጣ፣ እያንዳንዷን ቃል ቦታ ቦታዋን አስይዛ። አሁን ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቋት።

«ራስህ ስትወድቅ ትሰማዋለህ» አለችው ኡርባንን።

አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሰልፉን አልፋ ወደ ፊት ሄደች። ከኋላዋ አንዱ አፏጨ። ሮክ ኮቴዋን ሰምቶ ዞረና አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ከዓርቡ ስብሰባ ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ቢጠይቃትም ምን እንደምትለው አታውቅም። አሁንም ስታየው አፍንጫዋ ሊሸበሸብ ይፈልጋል።

የሊፍቱ ባለ ሁለት ሰው ወንበር ትልቁን መዘውር ዞሮ መጣና ሮክን ከጉልበቱ በስተኋላ መታው። ማንም አብሮት እንደማይቀመጥ ስላወቀ ባልዲውን ጭኑ ላይ፣ ጄሶውን ባልዲው ላይ አድርጎ መሐል ለመሐል ተቀምጧል። ወንበሩ መሬቱን ሊለቅ ሲል ኔዣ አንድ እርምጃ ሮጠች።

«ጠጋ በል» አለችው።

ሮክ ጠጋ አለ።